በዲማ ፍሬ የታሸገው ቆብ

በቆላ ምድር ለሕፃን ቆብ ምን ያደርጋል ብለው የሚስቁብኝ የልጅ ልጆች አሉኝ። መተማ ላይ ፀሐዩ ድንጋይ ያበስላል፤ ሕፃን ራቁቱን ቢተኛ እንኳ ያልበዋል። እውነታቸውን ነው። ግን የሕፃን ራስ ላይ ገና ያልገጠመች፣ እጅ ሲያርፍባት የምትርገበገብ ቦታ አለች። እርግብግቢት እንላታለን። ደጋ ከሆነ ብርድ ይገባባታል፣ ቆላ ከሆነ ምች ይመታታል። ይህን ለማያምን ሰው ቆብ አልሠራም። ለልጁ ግን እሠራለታለሁ፤ ልጁ ምን አጠፋ?

ቆብ መሥራት የጀመርኩት ለእህቴ ልጅ ብዬ ነው። ጊዜው ጣሊያን መተማን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነበር። አባቴ ጥጥና ማሽላ ሊያርሱ ከደንቢያ ወደ ቆላ የወረዱ ሰው ናቸው። እናቴ ከደጋ ሳንወርድ ስላረፈች፣ ፀጉሬን እየሠራች፣ እሾህ ከእግሬ እየነቀለች ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እታለም ነበር የምላት። እኔ ባል አግብቼ ዓመት ሳይሞላኝ ተመልሼ ነበር። ባሌ ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን ከወጡ ሥጋውን ለቅሞ በልቶ መረቁን ለእኔ ይተውልኝ ነበር። ነገርኩት፣ ሳቀ። ደግሜ ነገርኩት፣ አሁንም ሳቀ። እንስራዬን ተሸክሜ አባቴ ቤት ገባሁ። ሰው በመረቅ ባል ይፈታል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ በመረቅ አይደለም፣ በሥጋው ነው የፈታሁት እል ነበር።

የእህቴ ባል የአርማጭሆ ሰው ነው። ጣሊያን ሲገባ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ። ቆይቶ እንደ ብዙው ሰው ኮሩን ተሻግሮ ከስደተኞቹ ጋር ሆነ። ኮር የምንለው መተማንና ገላባትን የሚለየውን ወንዝ ነው። በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ደርቆ አሸዋ ይሆናል። ወዲህ ማዶ ጣሊያን፣ ወዲያ ማዶ እንግሊዝ ነበር። በመሃል ያለው አሸዋ ፍየል የምትሻገረው ነው።

እህቴ ባሏን ተከትላ ስትሄድ ሆዷ ገፍቶ ነበር። ክረምቱ አልቆ ውኃው ጎድሏል። እንሂድ ብላ ለመነችኝ። የአባታችን ጉልበት ታሟል፤ ከመደብ ተነሥተው ደጅ ለመድረስ ትከሻ ይፈልጋሉ። ሁለታችንም ብንሄድ ማን ያነሣቸዋል? ከሁለት አንዷ መቅረት ነበረባት፤ ባል ያላት እሷ ናት፣ የቀረሁት እኔ ነኝ። ትክክል ነበር። ትክክል የሆነ ነገር ሁሉ ግን አያስደስትም። እህቴ ነጠላዋን አጣፍታ ስታበቃ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አኖረችው።

«ክርስትናው ላይ ራሱን የምትሸፍኚው አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ሌላ ሰው አላስነካም።»

ከሄደች በኋላ አባቴ በጣሊያኑ ጦር ሰፈር ተጠሩ። እኔ ደግፌ አደረስኳቸው። ከዚህ ቤት አንዲት ሴት ወደ ሽፍታ ባሏ ሄዳለች፤ ሌላ ሰው ቢሻገር አንተ ታስረህ ትሞታለህ ተባሉ። ዋስ ጥራ ተባሉ። ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከእኛ ቀድመው ከደጋ የወረዱ፣ ምላሳቸው የማያርፍ፣ ልባቸው ግን የማር እንጀራ። እሳቸው ዋስ ሆኑ። ከአባቴ ቤት ሰው ከተሻገረ የሚታሰሩት እሳቸው ናቸው ማለት ነው።

መሻገሪያ አጥቼ እንዳልቀረሁ ይታወቅልኝ። ሌሊት ሌሊት በታችኛው በኩል ሰው እንደ ጉንዳን ይተላለፍ ነበር። የእህቴ ወር ሲቃረብ ልቤ ተነሣና ለሽማግሌው ነገርኳቸው። ሁለት ቀን ብቻ ደርሼ ልምጣ፣ ሰው ሳይሰማ እመለሳለሁ አልኩ። እሳቸው አጥራቸውን እየጠገኑ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«ሂጂ ልጄ። እኔ እታሰርልሻለሁ» አሉኝ። «የጣሊያን እስር ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው አሉ። እኔ በዕድሜዬ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አድሬ አላውቅም።»

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ቢቆጡኝ ኖሮ ምናልባት እሄድ ነበር። ቁጡ ሰው ገመድ ነው፣ ይበጠሳል፤ እንዲህ የሚቀልድ ደግ ሰው ግን ያሰረውን ማን ይፈታዋል? እኔ እህቴን እንዳይ እሳቸው በስተርጅና ብረት ሊገቡ አይገባም። ቀረሁ። ከቀረሁ እንግዲህ እጄ ይሂድልኝ አልኩ።

በገበያው ዳር ጨውና አቡጀዲ የሚሸጡ እስላም ነጋዴ ነበሩ። ሚስታቸው በትውልድ የወሎ ሰው ናቸው። ገዳሪፍ ሲያድጉ ከአንዲት የግሪክ ባለሱቅ ሚስት በሁለት መርፌ ክር እያያያዙ ልብስ መሥራት ተምረዋል። ለባላቸው፣ ለወንድሞቻቸው፣ ለመስጊዱ ሽማግሌዎች ነጭ ቆብ የሚሠሩት እሳቸው ነበሩ። ሄጄ የሕፃን ቆብ አስተምሩኝ አልኳቸው። የብረት መርፌ የነበራቸው አንድ ጥንድ ብቻ ስለነበር፣ ለእኔ ሁለት የጃርት ወስፌ መርጠው፣ እንዳይቧጭረኝ ጫፉን በድንጋይ አለዘቡልኝ። ጃርት በማሳችን ሞልቶ ነበር፤ ማሽላችንን ሲበላ የኖረው አውሬ አንድ ጊዜ ጠቀመን።

ጥጡን ራሴ ነኝ ያመረትኩት። ፈለቀቅኩት፣ ነደፍኩት፣ በእንዝርት ፈተልኩት። ለሕፃን ራስ እንዳይሻክር ቀጭን አድርጌ ፈትዬ ሁለቱን ገመድኩት። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው፤ ክሩን በአንደኛው ወስፌ ላይ ቀለበት ቀለበት አድርጎ መደርደር፣ ከዚያ በሌላኛው እየገቡ ከቀለበት ውስጥ ቀለበት ማውጣት። ችግሩ አንዲት ቀለበት ስታመልጥ ነው። በጊዜው አታስታውቅም። ሦስት አራት ዙር ከሠራሽ በኋላ ታች ትከፈትና እንደ አይጥ ጉድጓድ ትሰፋለች። መጀመሪያ ላይ ዘልዬ እያለፍኩ፣ ማን ያየዋል እል ነበር። ሴትዮዋ ወስፌውን ከእጄ ይወስዱና እስከዚያች ቀለበት ድረስ ይተረትሩብኛል። አለቅስ ነበር። እሳቸው ግን «ያመለጠችው ትንሿ ናት ብለሽ አትለፊያት» ብቻ ይላሉ።

ሽማግሌው በአጥር ላይ እያዩኝ ያሽሟጥጡኝ ጀመር። የእስላም ቆብ በክርስቲያን ልጅ ራስ ላይ ልታደርጊ ነው ወይ፤ ቄሱ ሲያጠምቁት ቢስሚላሂ ቢልስ ይሉኛል። ይህን ለሴትዮዋ ብነግራቸው ከሥራቸው ሳይነሡ «ክር አይሰግድም በያቸው» አሉኝ። ሄጄ ነገርኳቸው። ሽማግሌው አሰቡና፣ እንግዲያው ክሩም አይጾምም፣ ለእኔም አንድ ሥሪልኝ አሉ። የሠራሁት የመጀመሪያው ሙሉ ቆብ ለእሳቸው መላጣ ሆነ፤ ጠማማ ነበር፣ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አደረጉት።

ሁለተኛው የሕፃኑ ነበር። ጆሮ የሚሸፍን፣ ከአገጭ ሥር በክር የሚታሰር። የመጨረሻውን ዙር በሂና ነክሬ ቀላ አደረግኩት። ሠርቼ ስጨርስ ጡጫዬ ላይ አጥልቄ አየሁት። እንደ ሕፃን ራስ ጡጫዬን ወደ ደረቴ አስጠግቼ ስወዘውዝ አባቴ ከመደቡ ሆነው አዩኝ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ከዚያ መልእክት መጠበቅ ሆነ። እኛ ዘንድ ወንድ ሲወለድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ስትወለድ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ይነሣል። ለወንድ ሰባት ጊዜ እልል ይባላል፣ ለሴት ሦስት ጊዜ። ይህ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ አይገባኝም። ወንዱ ምን ያስቸኩለዋል፣ ሴቷስ ምን አድርጋ ነው ደጅ የምትጠናው? ቄስ ጠይቄ ተቆጥተውኛል። የሆነው ሆኖ፣ ወንድ ከሆነ ቆቡ በአርባ ቀን ውስጥ መድረስ ስላለበት፣ ገበያ በቆመ ቁጥር ከወዲያ ማዶ የመጣውን ሰው ሁሉ አፍ አፉን አይ ነበር።

አንድ ቀን የነጋዴው ግመል ነጂ ገባ። ሱዳናዊ ነው፤ አማርኛውን ከገበያ የለቀመ። እኔም ሱዳንኛዬ ያው የገበያ ነበር፤ ስኳር አለ፣ ስኳር የለም የሚባልበት ያህል። እህቴ የምትኖርበት ሰፈር እንደሚያድር አውቃለሁና ሮጬ ሄድኩ። ግመሉን እያንበረከከ ነበር።

«እህት ደህና» አለኝ ጥርሱን ገልጦ። «ቢት አገኘ።»

ቤት አገኘች እንዳለኝ ነው የሰማሁት። ቤት፣ አልኩት። አይዋ፣ አዎን፣ አለኝ፤ ቆንጆ ቢት። ልቤ ትንሽ ቀፈፈው። ሰው በስደት አገር ቆንጆ ቤት ካገኘ መመለሻው ሩቅ ነው። ግን ዋናውን አልጠየቅኩም ነበርና፣ ልጁስ፣ ወለደች ወይ አልኩት። ግመል ነጂው ግራ እንደገባው ሁሉ አየኝ።

«ወለድ?» አለ። ራሱን ነቀነቀ። «ወለድ ማፊ። ቢት።»

ማፊ የለም ማለት እንደሆነ መተማ ያደገ ውሻ እንኳ ያውቀዋል። ወለድም ያው መውለድ ነው አልኩ በልቤ። መውለድ የለም። ልጅ የለም። ቤት ብቻ። ሰውየው አሁንም ፈገግ እያለ ነበር፤ በሰው ሐዘን እንዴት ይስቃል ብዬ በዚያ ሰው ቂም ያዝኩበት። ሌላ ሳልጠይቀው ተመለስኩ።

ለአባቴ ስነግራቸው «እግዜር ያውቃል» አሉ። ሳይጠመቅ ለሞተ ሕፃን ልቅሶ አይቀመጡም፤ ስም የለው፣ ተዝካር የለው። ሐዘኑን የምታኖሪበት ቦታ የለም። እኔ ደግሞ ያ ቆብ አለኝ። ለእህቴ መላክ ቁስሏ ላይ እንጨት መስደድ ነው። ለሌላ ሕፃን መስጠት ደግሞ ለዚያኛው አይገባም፤ በሰው ስም የተሠራ ነገር እንዴት ለሌላ ይሰጣል? ጫፉን ፈልጌ ተረተርኩት። ስንት ሳምንት የሠራሁት አንድ የእህል ወጥ እስኪበስል ድረስ እንኳ አልቆየም። ክሩን ጠቅልዬ ቋት ውስጥ ወረወርኩና ወደ ሴትዮዋ ቤት መሄዴን ተውኩ።

ሁሉም ነገር እህቴን ማስታወስ ጀመረ። ኮሩ ዳር ውኃ ልቀዳ ስወርድ ከወዲያ ማዶ ጭስ ይታየኛል፤ የየትኛው ጭስ የእሷ እንደሆነ ለመለየት እሞክር ነበር። ቆንጆ ቤት ያለው ሰው ጭሱ ይለያል ወይ? ሐዘኗን ብቻዋን ተቀምጣ ታዝናለች እልና አለቅሳለሁ። ደግሞ ደህና ቤት ይዛ ተረሳሁ እልና እናደዳለሁ። ሁለቱም በአንድ እንስራ ውኃ ውስጥ ይመላለሱብኛል።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ ሴትዮዋ ራሳቸው እኛ ቤት መጡ። ከሱቃቸው ርቀው የሚሄዱ ሰው አልነበሩም። አመመሽ ወይ፣ ተቀይመሽኝ ነው ወይ፣ ወይስ ሽማግሌው ቆቡ አቃጠለኝ ብለው ከለከሉሽ አሉኝ። እህቴ ልጁን አጥታለች አልኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ማን ነገረሽ አሉ። ነገርኳቸው። ያለውን ቃል በቃሉ ንገሪኝ አሉ።

«ቤት አገኘች፣ መውለድ የለም ነው ያለኝ።»

«እሱ አማርኛ እንዲህ አይችልም። እሱ ያለውን ንገሪኝ።»

«ቢት አገኘ። ወለድ ማፊ። ቢት» አልኳቸው።

ሴትዮዋ «ቢት» የሚለውን ቃል በአፋቸው ደገሙት። ከዚያ ሳቅ ጀመራቸው፤ ሊይዙት ሞከሩ፣ አልያዝ አላቸው፣ ከመደቡ ተንሸራተው መሬት ቁጭ አሉ። እኔ በሐዘኔ ይስቃሉ ብዬ ልጮህባቸው አፌን ስከፍት እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ በእነሱ ቋንቋ ወለድ ወንድ ልጅ ነው። ቢት ሴት ልጅ ናት። ወንድ አይደለም፣ ሴት ናት ነው ያለሽ። ቆንጆ ሴት ልጅ።»

አባቴ ከመደባቸው ለመነሣት ሲንጠራሩ አየሁ። ደግሜ አስነገርኳቸው። ግመል ነጂው አልዋሸም፣ እኔም ጆሮዬ አልደነቆረም፤ ሁለታችንም በየቋንቋችን ልክ ነበርን። ምሥራች ይዞ መጥቶ ፊቴን ባጠቁርበት ጊዜ እሱም ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው፣ ሴት ተወለደች ቢሏቸው ያዝናሉ ብሎ ታዝቦን ይሆናል። ይህ ነው ከሁሉ የቆጨኝ።

ደጅ ወጥቼ እልል አልኩ። ሽማግሌው በአጥሩ ብቅ ብለው ይቆጥሩ ነበር። ሰባት ሲሞላ ወንድ ነው ወይ አሉኝ። ሴት ናት አልኳቸው።

«ታዲያ አበዛሽው» አሉ።

«አላበዛሁም። እኔ ስወለድ ያጎደሉብኝን ጨምሬበት ነው» አልኳቸው። 

አሁን ቀኑን ማስላት ነበረብን። ሴትዮዋ ግመል ነጂውን ጠርተው አጣሩ። አርባው ካለፈ ቆይቷል። ወንድ ቢሆን ኖሮ ያለ እኔ ቆብ ተጠምቆ አልቆለት ነበር። ሴት ስለሆነች ጊዜ ተረፈኝ። ያ ዕድሜ ልኬን ስሟገተው የነበረ ሰማንያ ቀን ጠቀመኝ ማለት ነው። ጠቅሞኛል፤ ግን ዛሬም ትክክል ነው አልልም። ጅብ አህያህን በልቶ ቆዳዋን ቢተውልህ አመሰግናለሁ አትለውም።

ክሩን ከቋት አወጣሁት። የተተረተረ ክር የነበረበትን አይረሳም፤ እንደ በግ ፀጉር ተጠማዝዞ ነበር። አጠብኩት፣ ድንጋይ አንጠልጥዬ ደጅ ሰቀልኩት፣ ሲደርቅ ቀና አለ። ያን ጊዜ የተሠራው ደግሞ ለአርባ ቀን ራስ ነበር፤ አሁን ራሷ አድጓልና አስፍቼ መሥራት አለብኝ፤ ክሩ አነሰኝ። አዲስ ፈትዬ ጨመርኩ። ነጩ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ሲታዩ ትንሽ ይለያዩ ነበር። አልደበቅኩትም። አንዷ ቀለበት ሳታመልጥ ጨረስኩት።

የቀረው ማሻገሩ ነው። ሴትዮዋ እናታቸው ገዳሪፍ ስለነበሩ የይለፍ ወረቀት ነበራቸው፤ እኔ እወስደዋለሁ አሉ። ግን ኮሩ ላይ ያሉት አስካሪዎች፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች፣ ለሽፍታ የሚላክ ነገር ይፈልጋሉ፤ ዱቄት በእጅ ያማስላሉ፣ ቀበቶ ያስፈታሉ። የሕፃን ቆብ ይዛ የምትሻገር፣ ሕፃን የሌላት አሮጊት ሴት ለማን ትወስዳለች ይባላል። ያን ጊዜ ነው የዲማን ፍሬ ያሰብኩት። ዲማ ግንዱ ጎጆ የሚያክል የቆላ ዛፍ ነው። ፍሬው እንደ ቅል ረዘም ይላል፣ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፣ ላዩ እንደ አይጥ ጆሮ ልስልስ ፀጉር አለው። ውስጡ ያለውን ጎምዛዛ ነጭ ዱቄት ሰው ሁሉ ይመጠዋል፤ ማንም ገበያ ሲሄድ በቅርጫቱ ይዞ አይጠፋም።

ትልቅ ፍሬ መረጥኩ። ቢላ በእሳት አግዬ ወገቡን ዙሪያውን ቆረጥኩት። ውስጡን ጠርጌ አጥቤ ፀሐይ ላይ አደረቅኩት። የተነደፈ ጥጥ አነጠፍኩበት፣ ቆቡን አጥፌ አስተኛሁት፣ በላዩ ደግሞ ጥጥ አለበስኩት። ሲወዘወዝ ዝም ካለ እንዳያስጠረጥር፣ ጥቂት የፍሬውን ዘር በቅጠል ጠቅልዬ ጫፉ ላይ ከተትኩ፤ እንዲንኳኳ። ሁለቱን ግማሾች በግራር ሙጫ ገጠምኩና፣ ስፌቱ ላይ ከሌላ ፍሬ የፋቅኩትን ፀጉር ነሰነስኩበት። አባቴ በእጃቸው እያገላበጡ መገጣጠሚያውን ፈለጉት፣ አጡት። «በእናትሽ ወጣሽ» አሉ። ይህን ከእሳቸው አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሴትዮዋ እንዲለዩት ብቻ ማንጠልጠያ ዘንጉ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ።

ሴትዮዋ ሲመለሱ የነገሩኝ እንዲህ ነው። ኮሩ ላይ አንድ ወጣት አስካሪ ቅርጫቱን ከፍቶ ከሁሉም ፍሬ መርጦ የእኔኑ አነሣ። ጆሮው ላይ አድርጎ ወዘወዘው፤ ተንኳኳ። ሊሰብረው ድንጋይ ፈለገ። ሴትዮዋ ያን ጊዜ ልባቸው ወደ እግራቸው ወረደ፤ አፋቸው ግን አልወረደም።

«ውሰደው» አሉት። «የእርጉዝ አምሮት ነው። አንተ በልተህባት ልጁ አንተን መስሎ ቢወጣ ባሏ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው?»

ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ። ልጁ አፍሮ ፍሬውን እሳት እንደያዘ ሁሉ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለው።

እህቴ ዘንድ የደረሱት ክርስትናው ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እህቴ ከእኔ መልእክት ስታጣ፣ ትታኝ ሄደች ብዬ የተቀየምኩ መስሏት፣ ሌላ ሰው አላስነካም ብላ ባዶ ራሷን ልታስጠምቃት ወስናለች። ሴትዮዋ ፍሬውን ሲሰጧት አሁን ደግሞ ጎምዛዛ ምን ይሠራልኛል ብላ ልታስቀምጠው ነበር። ቀይዋን ክር አየች። ሰበረችው። ቆቡን አውጥታ አፍንጫዋ ላይ አደረገችውና ብዙ ቆየች፤ ሴትዮዋም ፊታቸውን አዙረው ጠበቁ። አብረዋቸው የተሰደዱ ቄስ አጠመቋት፤ ከውኃው ስትወጣ እየጮኸች ሳለ ያንን አለበሷት። ሴትዮዋ የቢትና የቤቱን ነገር ሲያጫውቷት እህቴ ስቃ ስቃ፣ መጨረሻ ላይ ይህን አድርሱልኝ አለች፦

«ቆንጆ ቤት ያልሽው የማሽላ አገዳ ጎጆ ነው። ስትመጪ ጎንበስ ብለሽ ግቢ።»

ስትመጪ አለች እንጂ ብትመጪ አላለችም። በዚህች አንዲት ፊደል ዓመታት ኖርኩ።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ጥጥ ሲለቀም ቆብ እሠራ ነበር። የእህቴን ልጅ ራስ አይቼው አላውቅም። በዚያው ሰሞን የተወለደች የጎረቤት ሴት ልጅ ነበረች፤ የእሷን ራስ በክር እየለካሁ ሠራሁ። ሁልጊዜ ሁለት ነው የምሠራው፤ ራሷን ለክቼ ባዶዋን መተው አግባብ አይደለም። አንዱን በዲማ ቅርፊት፣ ሌላ ጊዜ በማሽላ ገለባ ሸምኜ፣ አንድ ጊዜ በትንሽ ቅል አሽጌ በሴትዮዋ እልክ ነበር። የጎረቤቷ ልጅ መቀመጥ ስትጀምር የእኛዋም ተቀመጠች እል ነበር። ስትራመድ፣ ተራመደች። ጥርሷ ሲወልቅ ግን አላየሁትም፤ ከዚያ በፊት ጣሊያንና እንግሊዝ ተጣሉ።

ኮሩ የጦር ሜዳ ሆነ። ነጋዴዎቹ ሸሹ፤ ሴትዮዋ ወደ ገዳሪፍ ሲሄዱ ለስንብት እንኳ አላገኘኋቸውም፤ እሳቸውን ዳግም አላየሁም። እኛ አባቴን በአልጋ ተሸክመን ወደ ማሳ ጫካ ገባን። መድፉ በገላባት በኩል ሲጮህ፣ እህቴ የት ትሆን እያልኩ ጥጥ እፈትል ነበር፤ እጅ ሥራ ካልያዘ ሰው ያብዳል።

በበጋ አጋማሽ ጣሊያን ለቆ ወጣ። ከተማው ተቃጥሏል፣ ጥቁር ግድግዳ ብቻ ቆሟል። ዋስትናውም ከጣሊያን ጋር ሄደ፤ ቢሆንም ሳልነግራቸው እንዳልሄድ ሽማግሌው ዘንድ ቀርቤ ልሻገር ነው አልኳቸው። አሁንማ ማን ያስረኛል፣ ቆርቆሮዬም አመለጠኝ አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቀልድ አልነበረውም። መርቀው ሸኙኝ።

ኮሩን ስሻገር አሸዋው ከጠበቅኩት በላይ ጠባብ ሆነብኝ። ስንት ዓመት የተቀመጥኩለት ወንዝ ጥቂት እርምጃ ነበር። እየጠየቅኩ ከገላባት ወጣ ብሎ ባለ የስደተኛ ሰፈር ደረስኩ። እህቴ ከአንድ ዛፍ ሥር እንጨት ትሰብር ነበር። ከስታ ነበር፤ ጉንጯ ገብቷል። እኔን ስታይ መጥረቢያውን አልጣለችም፤ ይዛው ቆመች። ሄጄ እጇን ከመጥረቢያው አላቀቅኩት።

ልጅቱ ከኋላዋ ብቅ ብላ አየችኝ። በአማርኛ ሳናግራት በሱዳንኛ መለሰችልኝ፤ ከሰፈሩ ልጆች ጋር የምትናገረው እሱን ነበር። ይዤ የመጣሁትን ቆብ አደረግኩላት፤ አወለቀችውና ጠጠር ሞላችበት፣ ከዚያም ጠጠሯን ይዛ ከዛፉ ሥር በተቀመጥኩበት ጭኔ ላይ መጥታ ተቀመጠች። ቀስ እያለች ተደገፈችኝ። ፀሐዩ በርትቶ ነበርና እንቅልፍ ወሰዳት።

እህቴን ቤት እንግባ፣ አባታችን ይጠብቁሻል አልኳት። ባሏ ከሠራዊቱ ጋር ወደ ጎንደር ዘልቋል፤ ጦርነቱ ሲያልቅ እዚሁ እንዲያገኛት ቃል ተገባብተዋል። ያለችበትን ትታ ብትሄድ የት ብሎ ይፈልጋታል? ልከራከራት ፈለግኩ። ግን እኔም በሰው ቃል ታስሬ ስንት ዘመን የተቀመጥኩ ሴት ነኝ፤ ለእኔ የሠራው ለእሷ አይሠራም ልል አልችልም።  ከዚያ በኋላ ተመላልሰናል፣ ተጠያይቀናል፤ እሷ እዚያ ልጆች ጨመረች፣ እኔ እዚህ ሌላ ባል አገባሁ። በአንድ ጣሪያ ሥር ግን ዳግም አላደርንም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እዚያው ተቀምጠን ዋልን። ልጅቱ እንዳትነቃ ብዬ አልተላወስኩም። ጥላው ከእኛ ላይ ሸሸ፣ እህቴ ነጠላዋን ዘርግታ ከለለችልን። አባቴ ብቻቸውን ናቸውና ሳይመሽ መመለስ ነበረብኝ። እህቴ ልጇን ከጭኔ ላይ ስታነሣት እግሬ ደንዝዞ አልታዘዝ አለኝ። ደገፈችኝና ቆምኩ። እስከ ኮሩ ድረስ እያነከስኩ ሄድኩ፤ ድንዛዜው ቶሎ እንዳይለቀኝ ብዬ መሬቱን በቀስታ እረግጥ ነበር።